ወፎች የለመዱት ድምፅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ዘውገ።

ምንትዋብ ጥያቄዋን ጠይቃ ካበቃች በኋላ ዐይኗን መሬቱ ላይ ተክላ መልስ ትጠብቅ ነበር። ወይ «በርቺ» ወይ «ተይው» እንደሚሏት ነበር የገመተችው። ታሪክ ይነግሩኛል ብላ አላሰበችም። ጋሽ ዘውገ ግን ሰው ጨንቆት ለጠየቃቸው ጥያቄ በአንድ ቃል መልሰው አያውቁም።

ጋሽ ዘውገ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። በሸዋ ሮቢት ከተማ ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ከተገኘ፣ ወይ እሳቸው ያስተማሩት ነው፣ ወይ እሳቸው ያስተማሩት ሰው ያስተማረው ነው። ምንትዋብም በልጅነቷ ተማሪያቸው ነበረች። አሁን ፋርማሲስት ሆና ከገበያው ማዶ የራሷን መድኃኒት ቤት ከፍታለች። የከተማው ሰው የሚያውቃት አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ስትል ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር ከአፏ የሰማ ሰው ጥቂት ነው።

ሰው የማያውቅላት ነገር ግን ነበራት። ምንትዋብ ከዩኒቨርሲቲ ዘመኗ ጀምሮ ታሪክ ትጽፋለች። ባሏ ማታ ማታ የመድኃኒት ቤቱን ሒሳብ የምትሠራ ይመስለውና «አትድከሚ እንጂ፣ ነገም ቀን ነው» እያለ ሻይ ያቀርብላታል። እሷም ሻዩን ተቀብላ፣ አመስግና፣ አንድ ሰው ትገድላለች ወይም ትድራለች። ምስጢሯን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታናሽ እኅቷ ሐረገወይን። እሷም ያወቀችው በር ሳታንኳኳ የመግባት ልማድ ስላላት ነው።

ሐረገወይን ድንገት ገብታ ያገኘቻት ቀን «ካላነበብሽልኝ ለባልሽ እነግራለሁ» ብላ እኅቷን አስገደደቻት። ምንትዋብ ፊቷ እየቀላ አነበበች። ጥቂት ቆይታ ቀና ስትል፣ ሐረገወይን አፏን ከፍታ ተኝታ ነበር። ሌላ ቀን ሌላ ታሪክ አነበበችላት። ሐረገወይን አሁንም ተኛች።

«እታለም ሙች ታሪኩ ጥሩ ነው» አለች ስትነቃ። «ሰውየው ደግ ነው፣ ሚስቱም ታሳዝናለች። ግን ጥቂት እንዳነበብሽ ምን እንደሚነካኝ አላውቅም። መድኃኒት ቤት አለሽ አይደል? እንቅልፍ ለከለከለው ሰው ሽጪዋ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሐረገወይን ሳቋን ጨርሳ ሄደች። ምንትዋብ ግን ወረቀቶቿን መልሳ ደበቀች። ይኸው ያ ነገር ነው ዛሬ ከጋሽ ዘውገ ደጅ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ያመጣት።

መጥታም በቀጥታ አልተናገረችም። «አንድ የማውቃት ሴት አለች፣ ትጽፋለች» ብላ ጀመረች።

«ደግ» አሉ ጋሽ ዘውገ።

«ስታነብ ሰው ይተኛባታል።»

«ያቺ የምታውቂያት ሴት መድኃኒት ቤት አላት?»

ምንትዋብ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ከዚያ በኋላ መደበቅ ስላልተቻለ ሁሉንም ተናገረች፤ ስንት ዓመት እንደ ጻፈች፣ ከማን እንደ ደበቀች፣ እንዴት እንደምታፍርበት። እሳቸውም አንዱን ታሪክ በቃሏ እንድትጀምርላቸው ጠየቋት። የምትጽፈውን በቃሏ ስለምታውቀው አልከበዳትም። ደርቤ ስለሚባል የአውቶቡስ ሾፌር የሚያወራውን መረጠች።

«ደርቤ ጠዋት ተነሣ። ፊቱን በውሃ ታጠበ። ጫማውን በፍጥነት አደረገ። ቁርሱን ቶሎ በላ። በሩን በቀስታ ከፈተ። ሚስቱን ምጥ ያዛት። ደርቤ በጣም ደነገጠ።»

ጋሽ ዘውገ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ጫማ ማድረግና ምጥ እኩል ሆኑ?»

«እንዴት ጋሼ?»

«እንዲሁ ነው የተሰማኝ። ቀጥዪ፣ ጥያቄሽ ምንድን ነው?»

«ቃሉ ትክክል ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ አያለሁ። ስሕተት የለበትም። ግልጽ ነው። ታዲያ ለምን ያስተኛል? ይህን ይንገሩኝ። እርስዎ ተይው ካሉኝ ዛሬውኑ እተወዋለሁ፤ ሁለተኛም አልነካው።»

የምሯን ነበር። ጋሽ ዘውገም ይህን አይተው ነው «አንድ ሰው ነበረ» ያሉት። ታሪኩም እንዲህ ነው።

ያ ሰው ገበሬ ነበረ። ከወንዝ ዳር የማሽላ እርሻ ነበረው። እርሻው ከጎረቤቶቹ እርሻ አይበልጥም፣ በሬዎቹም ከሌላው በሬ አይበልጡም። አንድ ነገር ብቻ ከሌላው ሰው ይበልጥ ነበር፤ ድምፁ። በሬውን ሲጠራ የጎረቤት በሬ አብሮ ይመጣል። ሰርግ ላይ ቀረርቶ ሲያሰማ የሙሽራው በቅሎ ይደነብራል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ፣ ሰው ዝግ ብሎ ሲያወራ ካየ «ምነው፣ ታመሃል?» ይል ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ሳይጥል ቀረና ጎተራው ተጠርጎ ባዶውን ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ማሽላው አማረ። ገበሬው ዙሪያውን እየዞረ እያየ ለሚስቱ እንዲህ አላት፦ «ይህ ከገባልን ዳንን። ካልገባ ግን አንዱን በሬ እንሸጣለን።» በሬ የሸጠ ገበሬ ደግሞ ለከርሞ በምን ያርሳል? ሚስቲቱም ይህን ታውቃለች።

በዚያ ቆላ አገር ማሽላ እሸት ሲይዝ ወፍ ይመጣል። አንድ ሁለት ሆኖ የሚመጣ ወፍ አይደለም፤ እንደ ደመና ነው የሚመጣው። ስለዚህ እርሻ ያለው ሁሉ በማሳው መካከል በእንጨት ከፍ ያለ ማማ ይሠራል። ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል። ገበሬውም ማማ ሠራ። ወንጭፍና ጅራፉን ግን ቤት ተዋቸው። «እኔ ድምፄ ይበቃኛል» አለ።

ወጣና «ሃሃይ» አለ። ወፉ ሁሉ ግር ብሎ ተነሥቶ ከወንዙ ማዶ ሄደ። ገበሬው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ጥቂት አረፈና እንደገና «ሃሃይ» አለ። ጥቂት አረፈና «ሃሃይ» አለ። ዕረፍቱ እኩል ነበር፣ ጩኸቱም እኩል ነበር፤ ልኩን ያገኘ ሰው ለምን ይለውጣል?

ሲነጋ ወፎቹ ከወንዙ ማዶ መሄድ ትተው ከማሳው ዳር ካለው ግራር ላይ ማረፍ ጀመሩ። ቆየት ብለው ግራሩንም ትተው ከአንዱ የማሽላ ራስ ወደ ሌላው ዘለል ማለት ብቻ ሆነ። ኋላማ መዝለሉንም ተዉት። «ሃሃይ» ሲል ቀና ይላሉ። ሲጨርስ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ወፍም ልጅ አሳዳጊ ነው፣ ብልሃት አያጣም። ከዚያ ጩኸት በኋላ ምንም እንደማይመጣ፣ ዝምታው ምን ያህል እንደሚቆይም አውቀውት ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ማሳው ከእሱ ማሳ የሚዋሰን ጎረቤት ነበረው፤ ነገር የሚወድ ሰው ነው። አጥሩ ጋ መጥቶ ማማውን ቀና ብሎ አየና እንዲህ አለ።

«አያ፣ ወፎችህ ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ?»

«ምን ይሉኛል?»

«‹አባታችን ተጣራ፣ ምሳ ደርሷል› ይላሉ።»

«ድምፄ አንሶ ነው እንጂ…»

«ድምፅህማ አላነሰም። ከወንዝ ማዶ ያለችውን አክስቴን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። የሚያስተኛው ወፎቹን ነው።»

ገበሬው ተናደደ። ያገኘው መድኃኒትም አንድ ብቻ ነበር፤ ይበልጥ መጮኽ። ጮኸ። ደረቱ እስኪሰነጠቅ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ጮኸ። ወፎቹ ሳምንቱን ሁሉ ቀና ጎንበስ እያሉ በሉለት። አንድ ቀን ጠዋት ማማው ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ከአፉ የወጣው ነፋስ ብቻ ሆነ። ድምፁ ሄዷል።

ቤት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሚስቱን ጉልበቷን ያማታል፣ ማማ መውጣት አትችልም። ልጁ ለመንገድ ሥራ ርቆ ሄዷል። የቀረችው የልጁ ሚስት ናት። እሷ ደግሞ ምራት ናት። በዚያ አገር ልማድ ምራት በአማቷ ፊት ድምፅዋን አታሰማም። ሲጠራት «አቤት» ትላለች፣ ሲያዛት «እሺ» ትላለች፣ በቃ። ላሚቱ ወለደች ቢላት «እሺ»፤ ዝናብ ሊመጣ ነው ቢላት «እሺ»። ከተዳረች ጀምሮ አንድ ቤት ሲኖሩ፣ ገበሬው የምራቱን ድምፅ ከነዚያ ሁለት ቃላት በላይ አያውቀውም ነበር።

ገበሬው ከቤት ገብቶ በእጁ ወደ ማማው አሳየ፤ ከዚያ ወደ ምራቱ አሳየ፤ ከዚያ ወደ አፉ። ምራቲቱ አልገባትም።

«ማማው ላይ ውጪና ጩኺ ነው የሚልሽ» አለች አማቷ።

ምራቲቱ ደንግጣ ወደ አማቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «እሳቸው እየሰሙ እንዴት እጮኻለሁ?»

«እሱ ከቤት አይወጣም» አለች ሴትዮዋ፣ ባሏን እያየች። «አይወጣም አይደል?»

ገበሬው ራሱን ነቀነቀ። ምራቲቱ ጅራፉን አንሥታ ሄደች።

ነገር ግን ማሽላው እየተበላ ከቤት የሚቀመጥ ገበሬ የት አለ? ሚስቱ ዞር ስትል ጠብቆ በጓሮ ወጣ። በወንዙ በኩል ዞሮ፣ ጎንበስ ጎንበስ እያለ፣ ከራሱ ማሳ እንደ ሌባ ገብቶ ከማሽላው መካከል ተቀመጠ። ጆሮውንም አቀና።

ምንም አልተሰማም። ገበሬው ጠበቀ። አሁንም ምንም የለም። ወፎቹ ከግራሩ ላይ ሲንጫጩ ይሰማል፣ ልጂቱ ግን ጭጭ ብላለች። «እፍረቷ ማሽላዬን ሊያስፈጀው ነው» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ አንድ ወፍ ሾልኮ ወረደ። ገና ከማማው ግርጌ ካለው ማሽላ ላይ ሲያርፍ፣ ከላይ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ።

«አንተ።»

ይኸው ብቻ። ለሚያውቁት ሌባ እንደሚባለው። ወፉ እግሩን ሳያሳርፍ ተመለሰ።

እንደገና ዝምታ ሆነ። ከዚያ ጅራፍ ጮኸ። ከግራሩ ላይ የነበረው መንጋ ግር ብሎ ተነሥቶ፣ አየር ላይ ዞሮ፣ ተሰብስቦ ወደ ማሳው ሲወርድ ልጂቱ ከማማው ላይ ቆማ ተቀበለችው፦ «እናንተ ከማዶ ተሰብስባችሁ የሰው ላብ ልትለቅሙ የምትመጡ፣ እናታችሁ መዝራት ሳታስተምር መልቀም ያስተማረቻችሁ፣ ትናንት በልታችሁ ዛሬ ደግሞ ያልበላ የምትመስሉ፣ ሂዱልኝ፣ ከወንዙ ማዶ ሂዱ፣ ከተራራው ማዶ ሂዱ፣ ወደ ጎረቤታችን ማሳ ግን እንዳትሄዱ፣ ምላሱ ይከፋል እንጂ እሱም ልጆች አሉት…» ቃሉ እየተያያዘ፣ ከፍ ከፍ እያለ፣ ማቋረጫ ሳይኖረው ፈሰሰ፤ መንጋውም አንድ እግር ሳያሳርፍ እንደ ደመና አለፈ።

ከዚያ አንድ ዘፈን አንጎራጎረች። መሐል ላይ ተወችው። «ጠገባችሁ?» ብላ ጠየቀች፣ መልስ እንደሚመጣ ሁሉ። ዝም አለች። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሣ ገበሬው ራሱ ትንፋሹን ያዘ፤ ጅራፉ ሲጮኽ ከወፎቹ እኩል ደነገጠ።

ማሽላው መካከል ተቀምጦ ጋቢውን ነክሶ ሳቀ። ድምፅ ስለሌለው ሳቁ ትከሻው ላይ ብቻ ነበር። «እሺ» ብቻ የምትለው ልጅ ይህን ሁሉ የት ይዛው ነበር? ያን ቀን አንድም ወፍ ከማሽላው ራስ ላይ ተደላድሎ አልተቀመጠም። በማግሥቱም አልተቀመጠም።

ይሁን እንጂ ሰው ነውና፣ ድምፁ ሲመለስለት ኩራቱም አብሮ ተመለሰ። «ምስጢሩን ይዤዋለሁ» ብሎ ምራቱን አሳርፎ ማማው ላይ ራሱ ወጣ። እንደሷ አደረገ። አንድ ረጅም ጮኸ፤ አንድ አጭር ጮኸ። ጅራፍ አጮኸ፤ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ጅራፍ፣ ዝምታ። እስከ ረፋዱ ወፎቹ ግራ ተጋቡ። ከሰዓት በኋላ ተማሩት። ረጅሙ ሲመጣ ፈቀቅ ይላሉ፣ አጭሩ ሲመጣ ይመለሳሉ፣ በጅራፉ ቀና ይላሉ፣ በዝምታው ይለቅማሉ።

ጎረቤቱ ከአጥሩ ማዶ እያየው ነበር። «ዛሬስ እድገት ነው» አለ። «በፊት ምሳ ብቻ ነበር የምትጠራቸው። ዛሬ ቁርሱንም እራቱንም ለየህላቸው።»

ገበሬው ከማማው ወረደ። ቤቱ ሄዶ ከደጃፉ ተቀመጠ። ምራቱንም ጠራ።

«አቤት» አለች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በ‹እሺ› የሚመለስ አይደለም።»

ምራቲቱ አንገቷን ደፋች። ሚስቱም ከውስጥ ጆሮዋን ጣለች።

«ማሽላው ውስጥ ተደብቄ ሰምቼሻለሁ። አትቆጪ፣ ሌባው እኔ ነኝ። አሁን ያንቺን ሁሉ አደረግሁ፤ ረጅሙን አደረግሁ፣ አጭሩን አደረግሁ፣ ዝምታውንም አልተውኩም። አንቺን የፈሩ ወፎች እኔን ለምን ናቁኝ? የማላውቀውን ንገሪኝ። ማሽላው የሁላችንም ነው።»

ምራቲቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። በዚያ ቤት ሽማግሌ ምራቱን እንዲህ ለምኖ አያውቅም፤ ምራትም ለሽማግሌ እንዲህ መልሳ አታውቅም። ገበሬው «ሳላሳፍራት አልቀረሁም» ብሎ ሊነሣ ነበር። ያኔ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደችው።

«አባባ፣ እርስዎ የሚሰሙት ጩኸትዎን ነው። እኔ የማየው ወፎቹን ነው። እንደ ደመና ሆነው ሲመጡ ነገሬ በራሱ ይረዝማል፣ ብዙዎች ናቸውና። አንዱ ሾልኮ ሲገባ ለአንድ ወፍ ያን ሁሉ ማውራት ምን ያደርጋል? ‹አንተ› እለዋለሁ፣ ይበቃዋል። ሲፈሩ ዝም እላለሁ፣ ዝምታዬን ከጅራፉ ይበልጥ ይፈሩታል። የቱ ከየቱ በኋላ እንደሚመጣ እኔም አላውቀው። እነሱ ከየት ያውቁታል?»

«አንቺ ልጅ» አለች አማቷ ከውስጥ፣ «ይህን ሁሉ በሆድሽ ይዘሽ ነው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር በጥቅሻ የምታወሪው?»

ገበሬው የሳቀው ሳቅ ከወንዙ ማዶ ተሰማ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ‹እሺ› በቃ» አለ። «ማለት ካለብሽም ቀጥሎ ‹ግን› ይኑረው።» ከብቶቹን አይቶ አንዲት ቀይ ጊደር የአፍ መክፈቻ ስጦታ ብሎ ለምራቱ ሰጣት።

ማሽላው ገባ። በሬው አልተሸጠም። ያን ወር ሁሉ ማማው ላይ የነበረችው እሷ ናት፤ እሱ ከታች ሆኖ ለወንጭፏ ድንጋይ እየለቀመ ያቀብላት ነበር። አልፎ አልፎ ልማዱ ሲያሸንፈው «ሃሃይ» ይላል። እሷም ከላይ ሆና «አባባ፣ ምሳቸውን አይጥሩብኝ» ትለዋለች።

ጋሽ ዘውገ ታሪኩን በዚህ አበቁና ለምንትዋብ ውሃ ቀዱላት። ምንትዋብ እየሳቀች ነበር። ሳቋን ስትጨርስ ግን ቅር ያላት ነገር ነበረ።

«ጋሼ፣ ገበሬው ወፍ ሊያባርር ነው የሚፈልገው። እኔ ግን አንባቢዬ እንዲቀመጥልኝ ነው የምፈልገው።»

«ደግ ጠየቅሽ። ወፎቹ አንባቢሽ መሰሉሽ?» አሉ። «አይደሉም። ወፎቹ እንቅልፍ ናቸው፣ የቤት ጣጣ ናቸው፣ ‹ነገ ምን ልግዛ› የሚለው ሐሳብ ናቸው። የአንባቢው ልብ ነው ማሽላው። አንቺ ታሪክ ስትጀምሪ፣ ያንን ልብ ለጥቂት ጊዜ ጠብቂልኝ ብሎ አደራ ሰጥቶሻል። እኅትሽ ሰነፍ ሆና አልተኛችም። ዐረፍተ ነገርሽ የት እንደሚያልቅ ገና ሳትጨርሺው ስለምታውቀው ነው። ስታውቀው ወፎቹ ያርፋሉ።»

«ስለዚህ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር…» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አዎ፣ ያዢው» አሉ ጋሽ ዘውገ እየሳቁ። «ገበሬውም እንዲሁ ነበር ያለው። ይልቅ ደርቤን እንደገና አስነሺልኝ። ቃላቱን ተያቸው። ሰውየውን እይው።»

ምንትዋብ ዐይኗን ጨፈነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩን ሳይሆን ደርቤን አየችው። ከዚያ ቀስ እያለች እንዲህ አለች፦

«ደርቤ እንደ ወትሮው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጫማውን እያሰረ ዛሬ ወደ ደብረ ብርሃን ስንት ሰው እንደሚሳፈር በልቡ እየገመተ፣ ሚስቱን ላለመቀስቀስ በሩን ቀስ አድርጎ ከፍቶ አንድ እግሩን ወደ ውጭ እንዳወጣ፣ ከኋላው ስሙን ሰማ። ዞረ። ምጥ ነበር።»

ጋሽ ዘውገ የሚሆነውን ቀድመው ያውቁት ነበር። እንዲያም ሆኖ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ቀና ማለታቸውን ምንትዋብ አየች፤ ደስታውም ከእግሯ ጀምሮ ሽቅብ ሲወጣ ተሰማት።

«ተይው ይሉኛል?» አለች።

«ሚስቲቱ ምን ሆነች? ወለደች?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«ታዲያ እንዴት ተይው እላለሁ? ሴትዮዋን ምጥ ላይ ትቼ?»

በዚህ መሐል የጋሽ ዘውገ ባለቤት እትዬ አልጣሽ ሽንኩርት ተሸክመው ከገበያ ገቡ። ፋርማሲስቷን ከደጃቸው ሲያዩ ሸክማቸውን እንኳ ሳያወርዱ ደነገጡ።

«ምንትዋብ፣ ምን ሆነን ነው? እሱ ነው የታመመው? ደሙ ከፍ ብሎበት ነው? ጨው ተው ብለው አይሰማኝ፣ ምን መድኃኒት አመጣሽለት?»

ምንትዋብ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሽንኩርቱን ተቀበለቻቸው። ልታብል ትችል ነበር፤ ብዙ ዓመት ለብዙ ሰው ያለችው ውሸት ምላሷ ላይ ነበር። ጋሽ ዘውገን አየቻቸው። እሳቸው ወደ ማንጎው ዛፍ እያዩ ነበር፤ አላገዟትም።

«ማንም አልታመመም እትዬ። መድኃኒት ይዤ አልመጣሁም፣ ጋሼም ደኅና ናቸው፣ እኔም ደኅና ነኝ፣ ለሰው ተናግሬው የማላውቀው፣ ባሌም የማያውቀው፣ ዛሬ ማታ ግን የምነግረው አንድ ነገር ነበረኝና እሱን ላማክር ነው የመጣሁት።» ትንፋሽ ወሰደች። «እጽፋለሁ።»

እትዬ አልጣሽ አዩዋት። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እኔን ልትገድሉኝ ነው» ብለው ሽንኩርታቸውን ተቀብለው ገቡ።

ጋሽ ዘውገ ፊታቸውን ወደ ምንትዋብ መለሱ። «ታሪኩን ስጀምር ገበሬው አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አሏት። «እኩል እየጮኸ ወፍ ያስለመደው አንቺ ነሽ ብዬ። አይደለሽም፤ ምራቲቱ ነሽ። ዐረፍተ ነገርሽ ሁሉ አጭርና እኩል የሆነው ሌላ ስለማታውቂ አይደለም፤ እዚህ ቆመሽ እንዴት እንደ ተናገርሽ ሰማሁሽ። በአንባቢሽ ፊት ምራት ሆነሽ ነው የኖርሽው። ጥፋት እንዳይገኝብሽ ‹አቤት፣ እሺ፣ አቤት፣ እሺ› ስትይለት። አንባቢ ግን አማት አይደለም፣ ልጄ። ማሽላው ውስጥ ተደብቆ ጆሮውን አቅንቶ የሚጠብቅሽ ሰው ነው።»